ሁለተኛ የገባው መኪና ለምን አሸነፈ? የ1908ቱ የኒው ዮርክ–ፓሪስ ውድድርና ከእሱ የተቀዳው ኮሜዲ

ፕሮቶስ የሚባለው የጀርመን መኪና ፓሪስ የገባው ጁላይ 26 ቀን 1908 ነው። ቶማስ ፍላየር የሚባለው የአሜሪካ መኪና ደግሞ ከአራት ቀን በኋላ፣ ጁላይ 30 ማታ ደረሰ። አሸናፊ የተባለው ግን ቶማስ ነው፤ ያውም በ26 ቀን ልዩነት። ይህን ለመረዳት ውድድሩ እንዴት እንደታቀደ፣ የት ላይ እንደተበላሸና ዳኞቹ የተበላሸውን በምን ዘዴ እንዳቃኑት ማወቅ ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው ስለዚህ ውድድር የሰማው በፊልም በኩል ነው። ብሌክ ኤድዋርድስ ያዘጋጀውና በ1965 የወጣው «ዘ ግሬት ሬስ» ዘመኑን 1908፣ መንገዱን ከኒው ዮርክ እስከ ፓሪስ አድርጎ ይነሳል። ጃክ ሌመን ጥቁር ለባሹን ተንኮለኛ ፕሮፌሰር ፌትን፣ ቶኒ ከርቲስ ነጭ ለባሹን ጀግና ሌዝሊን፣ ናታሊ ዉድ ጋዜጠኛዋን ማጊ ዱቧን፣ ፒተር ፎክ ደግሞ የፕሮፌሰሩን ረዳት ማክስን ሆነው ይጫወቱበታል። ፊልሙ ሳቅ ለመፍጠር የተሠራ ነው፤ ሆኖም እውነተኛው ውድድር በእብደት ከእሱ አያንስም። የፊልሙን ቀልድ በደንብ ለማጣጣምም እውነቱን አስቀድሞ ማወቁ ይጠቅማል።

እዚህ ያሉት ቀኖች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። መኪኖቹ ከታይምስ አደባባይ የተነሱበት ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1908፣ በእኛ የካቲት 4 ቀን 1900 ዓ.ም. ነው።

በክረምት መነሳት ለምን አስፈለገ?

ውድድሩን ያሰናዱት የአሜሪካው ኒው ዮርክ ታይምስና የፓሪሱ ለ ማተን ጋዜጦች ናቸው። ለ ማተን በ1907 ከፔኪንግ እስከ ፓሪስ የሚዘልቅ የመኪና ውድድር አሰናድቶ፣ የጣሊያኑ ልዑል ሺፒዮኔ ቦርጌዜ ኢታላ በተባለ መኪና በሁለት ወር ጨርሶት ነበር። ጋዜጣ ደግሞ በየዕለቱ የሚጻፍ ወሬ ይፈልጋል፤ ስለዚህ የሚቀጥለው ከዚያ የባሰ ከባድ መሆን ነበረበት።

የመጀመሪያው ዕቅድ እንዲህ ነበር፦ ከኒው ዮርክ ተነስቶ አሜሪካን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ማቋረጥ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ በመርከብ ወደ አላስካ መሄድ፣ በአላስካ የረጉትን ወንዞች እንደ መንገድ ተጠቅሞ ወደ ቤሪንግ ወሽመጥ መዝለቅ፣ ወሽመጡን በበረዶው ላይ ተሻግሮ ሳይቤሪያ መግባት፣ ከዚያ በሩሲያና በጀርመን አድርጎ ፓሪስ። በክረምት የተነሱት ለዚህ ነው። አላስካ ውስጥ መንገድ የለም፤ ወንዝ ሲረጋ ግን ሜዳ ይሆናል ብለው አሰቡ።

ዕቅዱ ገና ከመነሻው ሁለት ችግር ነበረበት። አላስካ በረዶው ሳይቀልጥ ለመድረስ አሜሪካን በክረምቱ መካከል ማቋረጥ ግድ ይላል። በዚያ ዘመን ደግሞ አሜሪካን በክረምት በመኪና ያቋረጠ ሰው አልነበረም። ሁለተኛውና የባሰው ቤሪንግ ነው። ወሽመጡ በጠባቡ በኩል 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ በረዶው ግን እንደ ሐይቅ በረዶ አንድ ወጥ ሆኖ አይቀመጥም። ነፋስና የባሕር ሞገድ እየሰባበሩት የሚንሳፈፍ፣ የሚጋጭና ተደራርቦ የሚቆለል ነው። ሁለት ቶን ገደማ የሚመዝን መኪና በዚያ ላይ መንዳት የማይሆን ነገር ነበር። ይህ ግን የታወቀው መኪኖቹ ከተነሱ በኋላ ነው።

መኪኖቹ ስድስት ነበሩ። ከፈረንሳይ ዴ ዲዮን ቡቶን፣ ሞቶብሎክና ሲዜር ኖደን፤ ከጀርመን ፕሮቶስ፤ ከጣሊያን ዙስት፤ ከአሜሪካ ቶማስ ፍላየር። የጀርመኑን መኪና የመራው ሃንስ ኬፐን የሚባል የጦር ሠራዊት ሌተናንት ነው። ቶማስን የሠራው ፋብሪካ በቡፋሎ ከተማ ነበር፤ ወደ ውድድሩ የገባውም በመጨረሻው ሰዓት ስለሆነ፣ ለውድድር ተብሎ የተሠራ መኪና ሳይሆን 4 ሺህ ዶላር የሚሸጥ፣ አራት ሲሊንደርና 60 የፈረስ ጉልበት ያለው የገበያ መኪና ነው የቀረበው።

ከሁሉ ትንሹ ሲዜር ኖደን አንድ ሲሊንደርና 15 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው። 155 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሄደ፣ በመጀመሪያው ቀን ዲፈረንሻሉ፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ባለ ጥርስ ክፍል፣ ተሰብሮ ወጣ። ዲፈረንሻል በበረዶ ላይ ለምን እንደሚጎዳ ማንም መካኒክ ያውቀዋል፦ አንዱ ጎማ በባዶ ሲሽከረከር ቆይቶ ድንገት ደረቅ መሬት ሲነክስ፣ የሞተሩ ጉልበት በሙሉ በአንድ ቅጽበት ጥቂት ጥርሶች ላይ ያርፋል። ሞቶብሎክም ብዙ አልዘለቀም። አዮዋ ላይ በባቡር ተጭኖ በመገኘቱ ከውድድሩ ተሰናበተ።

የዘመኑ መኪና ብርዱን እንዴት ይችል ነበር?

የውድድሩ እውነተኛ ፈተና ፍጥነት አልነበረም፤ በየቀኑ ጠዋት ሞተር ማስነሳት ነበር። በ1908 በኤሌክትሪክ የሚነሳ ሞተር ገና ገበያ ላይ አልወጣም፤ ካዲላክ ያንን በመደበኛነት መግጠም የጀመረው በ1912 ሞዴሉ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ከመኪናው ፊት ቆሞ የብረት እጀታ ሞተሩ ውስጥ ያስገባና ያዞራል። ዘይቱ በብርድ ከረጋ እጀታው አይንቀሳቀስም። ሞተሩ ያለጊዜው ከተኮሰ ደግሞ እጀታው ወደ ኋላ ተወርውሮ ክንድ ይሰብራል። ለዚህ ነው ልምድ ያለው ሾፌር እጀታውን ሲይዝ አውራ ጣቱን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን የሚያደርገው፤ እጀታው ቢመልስ እጁ ወዲያው ይለቃል።

ሁለተኛው ጣጣ ውሃ ነው። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በውሃ ነበር። ውሃ ሲረጋ ደግሞ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሌሊት በሞተሩ ውስጥ የቀረ ውሃ ከረጋ የሲሊንደሩን ብረት ይሰነጥቀዋል፤ በመንገድ ላይ ደግሞ የተሰነጠቀ ሲሊንደር የሚበየድበት ቦታ የለም። ስለዚህ የዘመኑ ልማድ ይህ ነበር፦ ማታ ሞተሩ ሳይበርድ ከራዲያተሩ ሥር ያለችውን ቧንቧ ከፍቶ ውሃውን እስከ መጨረሻው ጠብታ ማፍሰስ፤ ጠዋት በእሳት የሞቀ ውሃ ቀስ እያሉ መመለስ፤ ከዚያ ሳይዘገዩ ሞተሩን ማስነሳት። ውሃው በጣም ፈልቶ ከሆነና በአንድ ጊዜ ከተለቀቀ ቀዝቃዛውን ብረት በድንገተኛ ሙቀት ይሰነጥቀዋል። አልኮል ከውሃ ጋር የሚቀላቅሉም ነበሩ፤ አልኮል ግን ሞተሩ ሲግል ቀድሞ ይተናል፤ እየለኩ ካልጨመሩበት ማታ ላይ የቀረው ባዶ ውሃ ሆኖ ይገኛል።

መብራቱም ጣጣ ነበረው። የፊት መብራቱ በአሴቲሊን ጋዝ ይሠራ ነበር። ከታች ባለው ዕቃ ካርባይድ ይጨመራል፤ ከላይ ውሃ ጠብ ጠብ ይልበታል፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ በጎማ ቱቦ ወደ መብራቱ ሄዶ በክብሪት ይለኮሳል። ውሃው ከረጋ ጋዝ አይኖርም፤ ጋዝ ከሌለ ብርሃን የለም። ይህን መብራት አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ፓሪስ ላይ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ቶማስ መስታወትም ጣሪያም አልነበረውም። በጎንና በጎኑ ረጃጅም ጣውላዎች ታስረውበታል፤ መኪናው በበረዶ ወይም በጭቃ ሲሰምጥ ሠራተኞቹ በአካፋ ቆፍረው ጣውላዎቹን ከጎማው ሥር ያነጥፋሉ፣ ጥቂት ሜትር ይሄዳል፣ ጣውላዎቹን ከኋላ አንስተው እንደገና ከፊት ያነጥፋሉ። በኒው ዮርክ ግዛትና በኢንዲያና በረዶው እስከዚህ የከፋ ስለነበር ገበሬዎች በፈረስ እየጎተቱ አሳለፏቸው። ጎማ ላይ ሰንሰለት መጠምጠም ይረዳል፤ ግን ሰንሰለቱ የዘመኑን ስስ ጎማ ቶሎ ይበላዋል። ጉልበት ከሞተሩ ወደ ኋላ እግር የሚሄደውም በሰንሰለት ነው፤ እንደ ብስክሌት ዓይነት፣ ግን በሁለቱም ጎን። ሰንሰለት ጥሩ ጎን አለው፤ ከተበጠሰ መንገድ ዳር ተቀምጦ በመዶሻ መቀጠል ይቻላል። መጥፎ ጎኑ ክፍት መሆኑ ነው፤ አሸዋና ጭቃ ገብቶ ጥርሶቹን ይሞርዳቸዋል።

መንገድ በሌለበት ደግሞ የባቡር ሐዲድ ነበር። በዋዮሚንግ የባቡር ኩባንያው ቶማስን እንደ ልዩ ባቡር ቆጥሮ በሰዓት መርሐ ግብር እንዲሄድ ፈቀደለት፤ ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ይህን አድልዎ ነው ብለው ተቃውመዋል። መኪናው የአንድ ጎን ጎማዎቹን በሁለቱ ሐዲዶች መካከል፣ የሌላውን ጎን ከሐዲዱ ውጭ አድርጎ በጋድም ግንዶቹ ላይ እየነጠረ ይሄዳል። እያንዳንዱ ግንድ አንድ ምት ነው። በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ከሺህ የሚበልጡ ግንዶች አሉ፤ ስለዚህ ጎማ ይፈነዳል፣ ባልስትራ ይሰበራል፣ ብሎን ይላላል። ሾፌሩም መንገዱ ላይ ያለ ሌላ ባቡር እንዳይመጣበት ጆሮውን አቁሞ ነው የሚነዳው።

ቶማስ ሳን ፍራንሲስኮ የገባው ማርች 24 ነው፤ ከተነሳ 41 ቀን ከ8 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ሆኖታል። አሜሪካን በክረምት በመኪና ያቋረጠ የመጀመሪያው ሆነ። መሪውን በአሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ ሞንታግ ሮበርትስ፣ ቀጥሎ ሊን ማቲውሰን፣ ከዚያ ሃሮልድ ብሪንከር ይዘውታል። ከኒው ዮርክ እስከ ፓሪስ ሳይወርድ የዘለቀው ግን መካኒኩ ጆርጅ ሹስተር ነው፤ ከሳን ፍራንሲስኮ በኋላ መሪነቱንም የተረከበው እሱ ነው። በእኛ እምነት የውድድሩ ሚስጥር እዚህ ላይ ነው፤ መኪናውን የሚያውቀው ሰው ከመኪናው አልተለየም።

በነገራችን ላይ ኢትዮጵያም መኪና ያየችው በዚያው ሰሞን ነው። ቤድ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሊ በተባለ መኪና ከጅቡቲ በኩል ተነስቶ አዲስ አበባ የገባውና ለአፄ ምኒልክ ያቀረበው በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነበር። እሱም እንደ እነ ሹስተር መንገድ የሌለበትን መንገድ እያበጀ ነው የመጣው።

አላስካና የቀን ሒሳቡ

ቶማስ ከሁሉ ቀድሞ ስለነበር በዕቅዱ መሠረት በመርከብ ወደ አላስካ ሄደና ኤፕሪል 8 ቫልዴዝ ወደብ ደረሰ። ሹስተር መኪናውን ከማውረዱ በፊት መንገዱን በፈረስ በሚጎተት ተንሸራታች ወጥቶ ተመለከተ። ያለው መተላለፊያ ለተንሸራታች የተጠረገ ጠባብ መንገድ ነው፤ ለመኪና አይበቃም። ከዳር ያለው በረዶ ደግሞ ለስላሳና ጥልቅ ነው፤ ጎማ አይሸከምም። አይሆንም ብሎ በቴሌግራም አስታወቀ። አዘጋጆቹም አላስካን ሰረዙ፤ መኪኖቹ ፓስፊክን በመርከብ ተሻግረው ቭላዲቮስቶክ ይግቡ አሉ።

አሁን የተፈጠረውን ያስተውሏል። ሕጉን አክብሮ አላስካ የሄደው ተቀጣ፤ ዘግይቶ የነበረው አተረፈ። ቶማስ ወደ ሲያትል እስኪመለስ ድረስ ሌሎቹ መርከብ ተሳፍረው ሄደዋል። በተጨማሪ ፕሮቶስ በምዕራብ አሜሪካ መኪናው ስለተጎዳ የቀረውን መንገድ እስከ ሲያትል በባቡር ተጭኖ ነው የመጣው። ሞቶብሎክ በዚሁ ምክንያት ነበር የወጣው። ፕሮቶስንም ቢያስወጡት ውድድሩ ውስጥ የሚቀሩት ሦስት መኪኖች ብቻ ናቸው።

አዘጋጆቹ ያገኙት መፍትሔ የቀን ሒሳብ ነው። ቶማስ ለአላስካ ላጠፋው ጊዜ 15 ቀን ይቀነስለት፤ ፕሮቶስ በባቡር ለዘለለው መንገድ 15 ቀን ይጨመርበት ተባለ። ስለዚህ ሁለቱ ጎን ለጎን ፓሪስ ቢገቡ እንኳ ቶማስ በ30 ቀን ይበልጣል ማለት ነው።

መጨረሻ ላይ ቁጥሮቹ እንዲህ ሆኑ። ቶማስ ከኒው ዮርክ ፓሪስ 169 ቀን ፈጀበት፤ 15 ሲቀነስ 154። ፕሮቶስ 165 ቀን ፈጀበት፤ 15 ሲጨመር 180። ከ180 ላይ 154 ሲቀነስ 26 ይቀራል። የ26 ቀኑ ልዩነት ምንጭ ይህ ነው፤ በመንገድ ላይ ግን ጀርመኖቹ በአራት ቀን ቀድመው ገብተዋል። ፍርዱ ትክክል ነበር ወይ ለሚል ሰው መልሳችን አዎ ነው። ሹስተር አላስካ የሄደው ታዝዞ ነው፤ በመታዘዙ ሊከስር አይገባም። ፕሮቶስም ሙሉ በሙሉ ከመባረር በቅጣት መቀጠሉ ትልቅ ምሕረት ነው።

ከቭላዲቮስቶክ እስከ ፓሪስ

ቶማስ በጃፓን በኩል አለፈ፤ ከኮቤ እስከ ጹሩጋ በየብስ ተነድቶ ከዚያ በመርከብ ወደ ቭላዲቮስቶክ ተሻገረ። እዚያ ሲደርስ የዴ ዲዮን ኩባንያ መኪናውን ከውድድሩ አስወጥቷል። የዴ ዲዮኑ መሪ ሰን ሻፍሬ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በከተማው ያለውን ቤንዚን ገዝቶ ሰበሰበና፣ ቤንዚኑን የሚሰጠው በመኪናው ላይ አሳፍሮ ፓሪስ ለሚያደርሰው ቡድን ብቻ መሆኑን አስታወቀ። ይህ በፊልም ላይ ቢታይ ተጋነነ ይባል ነበር። አሜሪካኖቹ እንቢ ብለው ቤንዚናቸውን ከሌላ አገኙ።

ከሜይ 22 ጀምሮ ያለው ጉዞ የጭቃ ጉዞ ነው። የፀደይ ዝናብ መሬቱን አላቁጦታል። ቶማስ ከቭላዲቮስቶክ ብዙም ሳይርቅ ፕሮቶስ በጭቃ ሰምጦ አገኘውና ጎትቶ አወጣው። ኬፐን ለዚህ የሚሆን የሻምፓኝ ጠርሙስ ነበረው፤ ከፍቶ ለአሜሪካኖቹ ቀዳላቸው። በዘመኑ ጋዜጦች በየቀኑ የአገርና የአገር ፉክክር እያሉ የሚጽፉት ሁለት ቡድን፣ ጭቃ ላይ ቆሞ ከአንድ ጠርሙስ ሲጠጣ ማለት ነው።

ቀጥሎ የቶማስ ማርሽ ጥርስ ተሰበረ። ሞተሩ ይሠራል፣ ጎማው አለ፣ ጉልበት የሚያስተላልፈው ጥርስ ግን የለም፤ መለዋወጫው እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ፕሮቶስ በዚህ ጊዜ ርቆ ሄደ። በባይካል ሐይቅም መሻገሪያ መርከቡን ቀድሞ የያዘው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ረጅም ውድድር ላይ ጥቂት ሰዓት መዘግየት ብቻውን ችግር አይደለም፤ መርከብ ወይም ባቡር ካመለጠ ግን ጥቂቱ ሰዓት አንድ ሙሉ ቀን ይሆናል።

ጁላይ 30 ማታ ቶማስ ፓሪስ ሲገባ ፖሊስ አስቆመው። የከተማው ሕግ የፊት መብራት ግድ ይላል፤ የቶማስ መብራት ተሰብሯል። ስድስት ወር ገደማ የፈጀ ጉዞ በጥቂት ጎዳናዎች ቀርቶት ቆመ። አንድ መንገደኛ በብስክሌቱ ላይ መብራት ነበረውና ሊረዳቸው ፈቀደ፤ መብራቱ ከብስክሌቱ አልፈታ ሲል ብስክሌቱን እንዳለ አንስተው መኪናው ላይ ጫኑት። ቶማስ ፍላየር ዓለምን የዞረበትን ውድድር የጨረሰው ብስክሌት ተሸክሞ ነው። ዙስት ሦስተኛ ሆኖ የገባው በሴፕቴምበር ነው።

ፊልሙ ምኑን ወሰደ፣ ምኑን ተወ?

አሁን ፊልሙን ስናየው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ኤድዋርድስ የወሰደው መነሻውን፣ መድረሻውንና ያልተሳካውን ዕቅድ ነው። እውነተኛው ውድድር የሰረዘውን የቤሪንግ መሻገሪያ ፊልሙ ተሻግሮታል፦ ባላንጣዎቹ በበረዶ ማዕበል ተይዘው በአንድ መኪና ውስጥ ተፋፍገው ያድራሉ፤ ሲነጋ የቆሙበት በረዶ ተገንጥሎ በባሕር ላይ እየተንሳፈፈ ወደ ሩሲያ ሲወስዳቸው ያገኙታል። የቤሪንግ በረዶ የሚንሳፈፍ መሆኑን ካወቁ በኋላ ትዕይንቱ ይበልጥ ያስቃል።

የተወው የቀን ሒሳቡን ነው። ይህም ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ኮሜዲ ዓይን የሚያየውን ይፈልጋል። ተመልካች ሁለት መኪና ጎን ለጎን ሲሮጥ ካየ ማን እንደቀደመ ያውቃል፤ «ይህ ቀድሟል፣ ግን 15 ቀን ተጨምሮበታል» ተብሎ ቢነገረው ሳቁ ይቆማል። ስለዚህ ውድድሩ ከስድስት ቡድን ወደ ሁለት ሰው ጠብ ወረደ፣ ጠቡም በቀለም ተለየ። የሌዝሊ መኪና ነጭ ነው፤ የፌት ሃኒባል ጥቁር፣ ስድስት ጎማ ያለው፣ ወደ ላይ የሚነሳና መድፍ የሚተኩስ ነው። የፌት መሣሪያዎች ሁልጊዜ የሚጎዱት ራሱን ነው። በእውነተኛው ውድድር መኪናን የሚያቆመው ብርድና ጭቃ ነበር፤ በፊልሙ ያንን ሥራ ተንኮል ተረከበው።

ፊልሙ ርካሽ አልነበረም። 12 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቷል፤ በጊዜው ለኮሜዲ ከወጣው ሁሉ የሚበልጥ ነው። ርዝመቱ 160 ደቂቃ ያህል ነው፣ ሙዚቃውን ሄንሪ ማንቺኒ ደርሶታል፣ በድምፅ ኢፌክቱም ኦስካር አግኝቷል።

ከሁሉ ታዋቂው ትዕይንት የኬክ ውርወራው ነው። በስክሪን ላይ አራት ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ለመቅረጽ አምስት ቀን፣ 4 ሺህ ያህል ክሬም የተሞሉ ኬኮችና 200 ሺህ ዶላር ገደማ ጠይቋል። አራት ደቂቃ ለምን አምስት ቀን እንደፈጀ ማወቅ ስለ ፊልም ሥራ ብዙ ያስተምራል። ዛሬ አንድ ተዋናይ ጉንጩ ላይ የቀይ ክሬም ምልክት ይዞ ቀረጻው ከቆመ፣ ነገ ሲቀጥል ምልክቱ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ቀለምና መጠን መኖር አለበት፤ ካልሆነ ሁለቱ ሲቀጠሉ ክሬሙ ፊቱ ላይ እየዘለለ ይታያል። ስለዚህ ቀረጻ በቆመ ቁጥር ተዋናዮቹ በቀለም ፎቶግራፍ ይነሳሉ፤ በማግሥቱ ፎቶግራፉ እየታየ በአዲስ ክሬም እንደገና ይቀባሉ። ኬኮቹ እውነተኛ ስለነበሩ ሌላ ችግር መጣ። ቅዳሜና እሑድ ሥራ ሲቆም በአዳራሹ የተረጨው ክሬም እንዳለ ቀረ። ሰኞ ሲመለሱ ሽታው ስለማይቻል አዳራሹ በሙሉ ታጥቦ በትላልቅ ማራገቢያዎች መናፈስ ነበረበት። የታጠበውም ክሬም በየነበረበት ቦታ እንደገና በአዲስ ኬክ ተተካ። ቀረጻው ሲያበቃ ተዋናዮቹ ደብቀው ያቆዩትን ኬክ ሁሉ በዳይሬክተሩ ላይ ወረወሩት።

በዚህ ትዕይንት ውስጥ መመልከት ያለብዎ ሌዝሊን ነው። ሁሉም ሰው በቀለም ተለውሶ እሱ ነጭ ልብሱን እንደለበሰ በመካከላቸው ያልፋል፣ መጨረሻ ላይ እስኪመታ ድረስ አንድም ኬክ አይነካውም። ተመልካች መቼ ነው የሚመታው እያለ ይጠብቃል፤ የትዕይንቱ ቀልድ የተገነባው በዚህ ጥበቃ ላይ ነው። ትዕይንቱን በቁም ነገር ለመማር ለሚፈልግ፣ አንድ ጊዜ ድምፁን ዘግቶ እሱን ብቻ እየተከተሉ ማየት ይበቃል።

የመጨረሻው ልዩነት ድሉ ላይ ነው። በፊልሙ ሌዝሊ ፓሪስ ደርሶ መስመሩን ሊያልፍ ሲል ለማጊ ያለውን ፍቅር ለማሳየት ይቆማል፤ ፌት ቀድሞ ይገባል። ፌት ግን በተለቀቀለት ድል አልደሰትም ብሎ ወደ ኒው ዮርክ በሚመልስ ሌላ ውድድር ይገጥመዋል። እውነተኛው አሸናፊ እንዲህ ያለ ምርጫ አልነበረውም። ሹስተር ተስፋ የተሰጠውን 1 ሺህ ዶላር ያገኘው ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ1968 ነው። ዊሊያም ሃራ የሚባል የአሮጌ መኪና ሰብሳቢ የተጎሳቆለውን ቶማስ ገዝቶ በ1964 ሲያስጠግነው፣ ዘጠና ዓመት ያለፈው ሹስተር መጥቶ መኪናውን መረመረና ያ መኪና መሆኑን አረጋገጠ። ዛሬ በኔቫዳ ግዛት፣ ሬኖ ከተማ ባለው ብሔራዊ የአውቶሞቢል ሙዚየም ይገኛል፤ አዲስ አስመስለው አላሳመሩትም፣ ፓሪስ በገባበት ሁኔታ ነው የጠገኑት።